መቶኛው ነገድ፦ በሌላ ዓለም አዋቂ ፍጥረት ቢገኝስ?

(ጎንደር ውስጥ ፒያሳ አካባቢ በተዘጋጀ የምሽት ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን መጨረሻ ላይ አካትቻለሁ።)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ከዋክብት ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ሁልጊዜ የሚመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ቁም ነገር። «ቲቸር፣ ኤሊየን ቢመጣ ይጠመቃል?» ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ይደወልና እንለያያለን።

ዛሬ ደወል የለም። ስለዚህ ጥያቄውን ከቀልድ አውጥተን እንየው። የሚያስብ፣ የሚናገር፣ ሥጋና ደም ያለው ሌላ ፍጥረት በሌላ ኮከብ ዙሪያ ቢኖር፣ ስለ ክርስቶስ የምናምነው ምን ይሆናል? ይናጋል? ይሰፋል? ወይስ ምንም አይነካውም?

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ቸኩሎ የሚወጣ ካለ ይዞት ይሂድ። ብዙ ሰው ይናጋል ብሎ የሚፈራው ቦታ አይናጋም። ማንም ያልጠረጠረው ሌላ ቦታ ግን ከባድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ደግሞ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ የሚታወቀውን እንለይ። እስከ ዛሬ ከምድር ውጭ ሕይወት አልተገኘም። አዋቂ ፍጥረት ይቅርና አንዲት ባክቴሪያ እንኳ አልተገኘችም። ቲክቶክ ላይ የምታዩትን እዚያው ተዉት። የተገኘው ቤቱ ነው፤ ነዋሪው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ሳይንቲስቶች ፀሐያችንን የምትመስል ኮከብ የምትዞር ፕላኔት አገኙ። ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ዛሬ እንዲህ ያሉ ፕላኔቶች ከ6,000 በላይ ሆነዋል። ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ትባላለች። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይወስድበታል። በ2016 እሷንም የምትዞር ፕላኔት ተገኝታለች። በእኛ ጋላክሲ ብቻ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ከዋክብት አሉ። አንድ ቀን ማታ መብራት ሲጠፋ ወደ ጎሃ በሚወስደው አቀበት ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። ጋላክሲያችን፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ቁልጭ ብላ ትታያለች። መብራት በመጥፋቱ የማመሰግነው ያኔ ብቻ ነው።

ድምፅ ፍለጋውም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፍራንክ ድሬክ የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ወደ ሁለት ከዋክብት አዙሮ አዳመጠ። የሰማው ነገር የለም። ከእሱ በኋላ ብዙዎች አዳመጡ። እነሱም እስካሁን «ይኸው ተገኘ» የሚያሰኝ ነገር አልሰሙም። በ1977 ደግሞ አሜሪካኖች ቮዬጀር በተባሉ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ የሰላምታ ሸክላ ጭነው ወደ ጠፈር ላኩ። ሰላምታው በ55 ቋንቋዎች ነው። ሱመርኛ አለበት፣ አካድኛም አለበት። አማርኛ የለም። ግዕዝም የለም። ነዋሪ ቢገኝ እንኳ ስለ እኛ የሰማው ነገር አይኖርም ማለት ነው። ቅር ብሎኛል፤ ምን ይደረጋል።

እንግዲህ ሳይንሱ ያለው ይኼው ነው። «አሉ» አላለም፣ «የሉም»ም አላለም። እኛ ግን «ቢኖሩስ?» ብለን እንቀጥል።

ፈረንጆቹ ይህን ጥያቄ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፍርሃት ይጀምራሉ። «የሰው ልጅ ብቻውን የሚያስብ ፍጥረት ነው ብለን ኖረናል፤ ብቻውን ካልሆነስ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ የምለው፣ ጎንደሬ ሆኖ ይህን የሚፈራ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ብሎ አያውቅም።

ጣራውን ታውቁታላችሁ። ከዳር እስከ ዳር ፊት ነው። አካል የለም። ፊት፣ ከሥሩም ክንፍ። ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ቁጥራቸውን አንዱ አስጎብኚ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይላችኋል። ከመቶ በላይ መሆናቸው ግን አያከራክርም። ብዙ ሰው ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እናንተ ግን አንገታችሁ እስኪያማችሁ ቆዩ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ቆይታችሁ ስታዩ አንዱ ከሌላው ይለያል። አንዱ የተቆጣ ይመስላል። አንዱ ሊስቅ የደረሰ ይመስላል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ የትም ብትቆሙ የሚያያችሁ አታጡም። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ መቅደሱ ግድግዳ ዝቅ አድርጉ። ሥላሴ አሉ። ስቅለቱም አለ።

ጣራውን የሞሉት ሰዎች አይደሉም። ያስባሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይላካሉ፤ ሰው ግን አይደሉም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ደግሞ ሥጋ የለበሰ ነው። የለበሰውም የእነሱን ባሕርይ አይደለም፣ የእኛን ሥጋ ነው። የዛሬ ንግግሬ በሙሉ በዚያ ጣራና በዚያ ግድግዳ መካከል ነው።

የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሥነ ፍጥረት ላይ ይህን ተምሯል። ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር የሚባሉ ሦስት የመላእክት ዓለማት አሉ። በኢዮር 40፣ በራማ 30፣ በኤረር 30 ነገድ ነበረ። ድምሩ 100። ከመቶው አንዱ የሳጥናኤል ነገድ ነበር፤ እሱ ወደቀ። አዳም በዚያ ፈንታ መቶኛ ነገድ ሆኖ ተፈጠረ ይላሉ ሊቃውንቱ።

አሁን ወንጌሉን አምጡ። ማቴዎስ 18፣ ሉቃስ 15። መቶ በግ ያለው ሰው አንዱ ጠፋበት። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ ሄደ። አንድምታው፣ ማለትም የአባቶቻችን የመጽሐፍ ትርጓሜ፣ ዘጠና ዘጠኙ ነገደ መላእክት ናቸው፣ የጠፋው አንዱ አዳም ነው ይላል። የእኛ ሊቃውንት ብቻም አይደሉም። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቄርሎስም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ወደዚህ የሚቀርብ ነገር አስተምረዋል።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። በዚህ ትርጓሜ የሰው ልጅ የፍጥረት ሁሉ አውራ ሆኖ አልቀረበም። ከመቶ አንድ ነው። እሱም የጠፋው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቫቲካን የሥነ ፈለክ ምርምር ተቋም ኃላፊ የነበሩት አባ ሆሴ ጋብሪኤል ፉኔስ ለቫቲካን ጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጡ። ከምድር ውጭ አዋቂ ፍጥረት ቢኖር ከእምነታችን ጋር አይጋጭም አሉ። ከዚያም ያንኑ የበጎች ምሳሌ አነሡ። በጽንፈ ዓለሙ መቶ በግ ቢኖር የጠፋነው እኛ ልንሆን እንችላለን ነው ነገሩ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ጉድ ተባለ። እኔ ሳነበው «ይሄማ የየኔታ ትምህርት ነው» አልኩ።

አንድ ሊቅ ከመካከላችሁ «ቆይ እንጂ፣ መልአክ ረቂቅ ነው፤ አንተ የምታወራው ሥጋ ስላለው ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው። መልአክና ኤሊየን አንድ ናቸው አላልኩም። እንዲያውም እነሱን የሚያምታቱ ቪዲዮዎች ያናድዱኛል። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። አባቶቻችን ከእኛ ሌላ የሚያስብ ፍጥረት አለ ሲባል አልደነገጡም፤ ጣራቸው ላይ ሣሉት። የሚያስበው ፍጥረት ሥጋም ቢኖረው ድንጋጤው ከየት ይመጣል?

ወደ ፌዘኛው እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1794 ቶማስ ፔይን የሚባል ጸሐፊ በክርስትና ላይ ዘመተ። ከዘመተባቸው ነገሮች አንዱ ይኼ የእኛ ጥያቄ ነው። ፈጣሪ ስንት ሚሊዮን ዓለም እያለው ሁሉን ትቶ እዚህ የመጣው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፍሬ በሉ ተብሎ ነው? ወይስ በየዓለሙ ሔዋንም፣ ፍሬም፣ እባብም አለ? እንዲያ ከሆነ የእግዚአብሔር ልጅ ከዓለም ዓለም እየዞረ ሲሞት ሊኖር ነው። ሐሳቡ ይኼ ነው።

ፌዝ ነው ብዬ ልዝለለው አልፈልግም፤ ሰውየው ጎበዝ ነበር። በውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ለምን ወደዚች ትንሽ ምድር?» የሚለው ነው። ይኼ አያስቸግረኝም። በግ ጠብቆ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የሚፈለገው በግ ከሌሎቹ የሰባው አይደለም። የሚፈለገው ስለ ጠፋ ነው። ምድር ከጋላክሲው አንጻር ምንም አለማከሏ የጌታን መምጣት አያሳንሰውም። ዳዊትም እረኛ ነበር። ሰማዩን አይቶ «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» ያለው ቴሌስኮፕ ሳይኖረው ነው። የትንሽነት ስሜቱ የጥንት ነው። ሁለተኛው «እየዞረ ሲሞት ሊኖር ነው ወይ?» የሚለው ነው። እሱ ከባድ ነው። ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በፊት ግን የልጆቹን ጥያቄ ልመልስ፤ ዕዳ ነው። ይጠመቃል ወይ?

በእኛ ትምህርት ሰው የሥላሴ አርአያ ያለው በነፍሱ ነው። ነፍስ ልብ አላት፣ ቃል አላት፣ እስትንፋስ አላት። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያዊት ናት። ሊቃውንቱ «ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት» ይሏታል። እዚህ ውስጥ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር የሚል የለም። ስለዚህ አንድ ፍጥረት ስምንት እግር ይኑረው፣ ቆዳው አረንጓዴ ይሁን፣ የሚያስብና የሚናገር ነፍስ ካለው እንደ እንስሳ አንቆጥረውም። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። የሰው ልጅ ገና በቆዳ ቀለም ስንት ግፍ ሠርቷል።

«ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት ውስጥ ኤሊየን የለም» የሚለኝም አለ። በስድስቱ ቀን የተፈጠሩትን ሊቃውንቱ በሃያ ሁለት ወገን ይቆጥሯቸዋል፦ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። አዎ፣ ኤሊየን የለም። ባክቴሪያም የለም። የረቡዕን ተመልከቱ፦ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ከዋክብት። ያ ሁሉ ቢሊዮን ኮከብ ተጠቅልሎ አንድ ቁጥር ነው የያዘው። ቁጥሩ የወገን ነው እንጂ የእያንዳንዱ መዝገብ አይደለም።

ወደ ጥምቀቱ። ጥምቀት የሚያስፈልገው ለወደቀ ነው። እኛ የምንጠመቀው የአዳም ልጆች ስለሆንን ነው። እነሱ የአዳም ልጆች አይደሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ሳናውቅ ውሃ ይዘን መሮጥ አንችልም፤ ወድቀዋል ወይስ አልወደቁም? ካልወደቁ ከዘጠና ዘጠኙ ወገን ናቸው። ምንም አያስፈልጋቸውም። ያኔ የሚያስፈራኝ የእነሱ ነገር አይደለም፤ የእኛ ነው። ባልወደቀ ፍጥረት መካከል የእባቡን ሥራ የምንሠራው እኛ እንዳንሆን እሰጋለሁ። ማዕድን ካላቸው ደግሞ አለቀላቸው።

ከወደቁስ? እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ትምህርታችን የወደቀ ሁሉ ድኗል አይልም። የሳጥናኤል ነገድ ወድቆ ቀርቷል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 2 «የአብርሃምን ዘር ይዟል እንጂ የያዘው የመላእክትን አይደለም» ይላል። ስለዚህ «ወድቀው ቀርተው ቢሆንስ?» የሚለውን ለርኅራኄ ብለን ብቻ አናባርረውም። እኔን የሚያጽናናኝ ሊቃውንቱ የሚሰጡት ምክንያት ነው። ሳጥናኤል ማንም አላሳተውም፤ ከራሱ አንቅቶ ወደቀ። ሰው ግን በሌላ ተታሎ፣ በሥጋ ድካምም ወደቀ። ለንስሐም ጊዜ ተሰጠው። እንግዲህ ሥጋ የለበሰ፣ የደከመ፣ የተታለለ ሌላ ፍጥረት ቢገኝ፣ የምሕረቱ ምክንያት ለእሱም ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። የሚያርመኝ ካለ ጆሮዬ ክፍት ነው።

ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ኢንተርኔት ላይ የሚባለውን ሰምታችኋል። «መጽሐፉ ውስጥ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ኤሊየኖች ናቸው» የሚል አለ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን የተጠበቀው በግዕዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ተቀምጦ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ሲመለስ ሦስት ቅጂ ይዞ ነበር። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ያየው ከዚያ ወዲህ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ቅዱስ ዑራኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ መስኮቶች ያሳየዋል፤ ስድስት በምሥራቅ፣ ስድስት በምዕራብ። ሰማይን የመቁጠር ትምህርት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበራ ሳህን አውጥቶ ማውራት ግፍ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 6 ላይ ያሉትን «የእግዚአብሔር ልጆች»ማ ሊቃውንቶቻችን የሴት ልጆች ብለው ነው የሚተረጉሟቸው። አዳም የወለደውን ሴትን ማለቴ ነው። ላሊበላንም «ኤሊየን ሠራው» ይላሉ። በመሮ ድንጋይ የፈለፈለ አባት ያላት አገር ይህን ስትሰማ ምን ትላለች?

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። ሰማይ ላይ የታየ ሁሉ ጋኔን ነው የሚሉ አሉ። መናፍስትን መመርመር ጥሩ ነው። ነገር ግን የስታርሊንክ ሳተላይቶች በሰልፍ ሲያልፉ ጠበል የሚረጭ ሰው መናፍስትን አልመረመረም፤ ሳተላይት ነው የረጨው።

አሁን ወደ ከባዱ።

የእግዚአብሔር ልጅ ወደ ወደቁት ሌሎች ዓለማት ሄዶ የእነሱን ሥጋ ይለብሳል? በምዕራቡ ዓለም ይህ ክርክር ከሳይንሱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒዬ 219 አባባሎችን አወገዙ። ከተወገዙት አንዱ እግዚአብሔር ብዙ ዓለማት መሥራት አይችልም የሚለው ነው። ሠርቷል አላሉም፤ አይችልም ማለትን ነው ያወገዙት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ቮሪሎንግ የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴ ጥያቄውን ፊት ለፊት ተጋፈጠው። ክርስቶስ እዚህ በመሞቱ ሌሎች ዓለማትን ማዳን ይችላል፣ ዓለማቱ ማለቂያ ባይኖራቸው እንኳ፤ ወደ ሌላ ዓለም ሄዶ ደግሞ መሞቱ ግን አይገባም አለ። የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶን በ1549 ከዚያው መነሻ ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ሄደ። አንድ ጊዜ ተወልዶ፣ አንድ ጊዜ ሞቶ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ሌሎች ዓለማትን ማሰብ አያስፈልግም አለ። ቶማስ አኩዊናስ በበኩሉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንድ መለኮታዊ አካል ከአንድ የሰው ባሕርይ ሌላ ሁለተኛ ሊወስድ ይችላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከሥልጣኑ አንጻር ይቻላል ብሎ ነበር።

እነዚህን ሁሉ የጠቀስኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። ጎንደር ብትጠየቅ ከሁሉም የከረረ ክርክር ይወጣት ነበር።

ይህች ከተማ የክርስቶስን ልደት እየቆጠረች የተከራከረች ከተማ ናት። ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ በተባሉ የትምህርት ወገኖች መካከል በነገሥታት ፊት ጉባኤ ተደርጓል። ደም የፈሰሰበትም ጊዜ አለ። በመጨረሻ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ባደረጉት ጉባኤ ሦስት ልደት የሚለው ተወገዘ። ሁለት ልደት ጸና። ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት።

እስቲ ስሌቱን ሥሩት። ወልድ በሌላ ፕላኔት ላይ የዚያን ፍጥረት ሥጋ ለብሶ ቢወለድ፣ ስንተኛ ልደት ነው? ሦስተኛ። ቀጥሎ ባለው ፕላኔት ላይስ? አራተኛ። የቦሩ ሜዳ ሊቃውንት ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። በእርግጥ ነገሩ አንድ አይደለም። የጸጋዎቹ ሦስተኛ ልደት ከመንፈስ ቅዱስ የሆነውን የሚመለከት እንጂ የፕላኔት ጉዳይ አልነበረም። የሊቃውንቱ ጥንቃቄ ግን እዚህም ይሠራል። ልደት በተጨመረ ቁጥር «አንዱ ክርስቶስ ማን ነው?» የሚለው ይላላል።

ከልደት ቁጥሩ የሚብሰው ደግሞ ተዋሕዶው ነው። የአኩዊናስ ወገኖች ሁለት ባሕርይ በአንድ አካል ስለሚሉ ሌላ ባሕርይ መጨመር ያን ያህል አያስጨንቃቸው ይሆናል። እኛ ግን በቅዳሴ የምንመሰክረው ሌላ ነው። መለኮቱ ከትስብእቱ፣ ማለትም ከሰውነቱ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለዓይን ቅጽበት እንኳ አልተለየም። ያረገው ሥጋውን ይዞ ነው። እንግዲህ ተነሥቶ ወደ ሌላ ኮከብ የሚሄድ ሥጋ የሌለው ወልድ የለም። የሚሄደው ማርያም የወለደችው ነው። የእጁ የችንካር ምልክት አብሮት ይሄዳል። በዚያ ላይ ሌላ ሥጋ ይደርባል ማለት ለእኔ አይገባኝም።

ስለዚህ የት ነው የምቆመው? ከቮሪሎንግ ጎን፤ በእኛ ምክንያት ግን። አንድ ልደት በሥጋ፣ አንድ መስቀል። የቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 1 በመስቀሉ ደም ሰላም አድርጎ በምድርም በሰማያትም ያለውን ሁሉ ለራሱ እንዳስታረቀ ይናገራል። «ሁሉ» ሲል የከተማ ወሰን አላበጀለትም። ጎልጎታ የተፈጸመው ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ ባለች ኮረብታ ነው። እዚያ የተደረገው ለጎንደር ደርሷል። ጎንደርም ያኔ አልተቆረቆረችም፤ ፋሲል የመጣው ከ1,600 ዓመት በኋላ ነው። ርቀትና ጊዜ ካልከለከሉት፣ የብርሃን ዓመት የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ግን እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ ጥሩ ተናግረሃል» አሉ። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው እንደማያምር ታውቃላችሁ። «ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ያልተዋሐደው አልዳነም ብሏል። ሰውን ለማዳን ሰው ሆነ። የእነዚያን ፍጥረቶች ሥጋ ካልተዋሐደ በምን ይድናሉ? አንድ መስቀል ይበቃል ካልክ፣ ሰው መሆንስ ለምን አስፈለገው?»

አዳራሹ ዝም አለ። ጥያቄው የንግግሬን ወገብ ነው የያዘው።

እንዲህ መለስኩ። «መሪጌታ፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ነው፤ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት። ሳይንሱም በራሱ መንገድ የሚቀራረብ ነገር ይላል። በደማችን ያለው ብረት፣ በአጥንታችን ያለው ካልሲየም ከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው። በሌላ ኮከብ ዙሪያ ያለ ፍጥረትም የሚሠራው ከዚያው ነው፤ ሃይድሮጅን እዚህም እዚያም አንድ ነው። ጌታ ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ ከፍጥረት ሁሉ ጋር ዝምድና አለው።»

«ድንጋይም ከአራቱ ባሕርያት ነው» አሉ ሳይቆዩ። «ድንጋይ ግን አልዳነም። ጌታ የተዋሐደው ሥጋን ብቻ አይደለም፤ ነፍስንም ነው።»

«ታዲያ የእነሱም ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ከሆነች» አልኩ፣ «ከእኛ ነፍስ በምን ትለያለች?»

ከኋላ አንድ ወጣት «በምንም!» ብሎ ጮኸ። ከጎኑ ያለችው ልጅ «የመላእክትም እኮ ነባቢት ናት፤ እነሱን ግን አልተዋሐደም» አለችው። መሪጌታ ዞረው አዩዋትና «ይቺ ልጅ የት ነው የተማረችው?» አሉ። እሷም ሰንበት ትምህርት ቤት ነው አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ያቺ ልጅ የተናገረችው የራሴን ጣራና ግድግዳ መልሶ አመጣብኝ።

ክርክሩ ቀጠለ። ሁለት ዲያቆናት ከመሪጌታ ጋር ሆኑ፤ የባዮሎጂ መምህሩ ወደ እኔ አደላ። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በኋላ እሱም ገብቶ ተቀመጠ። መሪጌታ የቄርሎስን ትርጓሜ ይዘው ሊመጡ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ቀጥረውኛል።